ለሰው ዋንጫ የቀቀልኩት ንፍሮ

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ እሁድ ረፍት ሲደርሰው የሥራ ጓደኞቹን ምሳ ይጠራል። ሁሉም የሚሠሩት ኤርፖርት ነው፤ አንዱ ሻንጣ ይጭናል፣ አንዱ ነዳጅ ይሞላል፣ አንዱ መንገደኛ ከተርሚናል ተርሚናል ያመላልሳል። እዚህ ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ ውስጥ የማውቀው ሐበሻ ግማሹ እንዲሁ ነው። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ የሚያወራው ሰው ዝም ይላል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ሰዎቹ ቃል የጠፋባቸው ይመስለኝ ነበር።

ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤዝቦል ላይ ያርፋል። የኛ ከተማ ቡድን ዋንጫ የበላ ዕለት ማን የት እንደነበር ይተራረካሉ። አንዱ ሻንጣ እያወረደ በጆሮው ሰክቶ ይሰማ ነበር፤ አንዱ መኪናውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ ብቻውን ጮኸ። ከመካከላቸው አንድ ጨዋታውን የማይወድ አለ፤ እሱ ደግሞ፣ "ኳስ በእግር ነው። ይሄ እንቁላል በዱላ መምታት ነው" እያለ ያበሽቃቸዋል።

በቀደም አንዱ ወደኔ ዞረና፣ "እማማ፣ እርስዎስ የት ነበሩ?" አለኝ።

"ኮምቦልቻ" አልኩት።

ሳቁ። "ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ተቀምጠው ዋንጫው ሲመጣ አገር ቤት?"

"እሳቸው ዞር ባይሉ መች ይበሉ ነበር" አለ ባለ እንቁላሉ። "ገዱን የያዙት እማማ ነበሩ።"

አማቼ ከኩሽና ብቅ ብሎ፣ "ተዋቸው፤ እማማ የራሳቸው ዋንጫ አላቸው" አለ። "የሰው ዋንጫ ነው እንጂ።"

ልነግራቸው ጀምሬ ነበር። አንዱ ሺፍት ነበረበት፣ አንዱ ሰዓቱን ሰርቆ ሲያይ አየሁት። ወሬዬ ረጅም ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘሁት ቤት ሁሉ እየገባሁ ነው የማወራው። ሶ፣ ይቺን ቃል ከልጅ ልጄ ነው የለመድኳት፣ እጽፈዋለሁ አልኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ሲያስተምር ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው።

አሜሪካ የመጣሁት የልጅ ልጄን ላሳድግ ነው። ልጄ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፤ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ከቀትር በኋላ ነው የምትመጣው። ቤታችን አንድ ጣራ ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ የኛ ነው፤ በግማሹ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ብቻዋን ትኖር ነበር። እኔም ልጅ አይደለሁም፣ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ስለምትበልጠኝ አሮጊቷ እሷ ናት። ጡረታ እስክትወጣ የተማሪ አውቶቡስ ትነዳ ነበር። ድምፅዋ ከዚያ የቀረ ነው መሰለኝ፤ ደጅ ቆማ ድመቷን ስትጠራ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ጥቅምት ነው፣ የቴክሳስ ሙቀት በረድ ማለት የሚጀምርበት። ማታ ኢሻ ሰግጄ ከስጋጃዬ ሳልነሳ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት ሰማሁ። አንዴ ብቻ፣ ረዥም፤ ከዚያ ጭጭ። ሰው ሲደነግጥ እንዲያ አይጮህም፣ ሲጣላም እንዲያ አይጮህም። እኔ መርዶ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያ የመርዶ ጩኸት ነው።

ለቅሶ ደግሞ ተጠርቶ አይደረስም። ስንዴና ሽምብራ ዘፈዘፍኩ፤ ሲነጋ ቀቀልኩት። ልጄ ሥራ ሄዳለች፣ አማቼም የለም። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ ንፍሮውን በሳህን አድርጌ የአራት ዓመቷን የልጅ ልጄን እጅ ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። ያን ጊዜ የማውቃት እንግሊዝኛ አንዲት ናት። "ሶሪ" አልኳት። ሴትየዋ አየችኝ፣ ነጠላዬን አየች፣ ሳህኑን አየች። "ሶሪ፣ ሶሪ። አብሽሪ" አልኳት ደግሜ። እጄን ያዘችኝ፤ አስገባችኝ።

መጋረጃው ተዘግቷል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ግድግዳው ላይ ቁጥር ያለበት መለያ በምስማር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ያንኑ መለያ የለበሰ፣ ዱላ በትከሻው የያዘ ጎረምሳ ፎቶ አለ። ሁሉም ነገር ገባኝ። ልጇ ነው። ልብሱን እንኳ አላነሳችም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ላይ ብዙ አይወራም፤ ለኔም ተመቸኝ፣ የማወራበት ቋንቋ የለኝም። እሷ ግን አንዳንዴ ወደ ፎቶው እያየች ብዙ ትናገራለች፤ እጇን አንስታ በጣቷ አንዲት ትንሽ ነገር ታሳያለች፣ ይህችን ታህል ቀርታን ነበር እንደማለት፤ ከዚያ ዕንባዋ ይመጣል። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ሐኪም ይህችን ታህል ቢቀድም ይተርፍ ነበር ማለቷ ነው ብዬ ነው። ንፍሮውን በላች፤ ጨው ጠየቀች፣ ጨምራ በላች። ሦስት ቀን ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን በሎሚ ኬክ ሞልታ መለሰችልኝ፤ እኔም ጎረቤት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፣ ምንም እንኳ በለቅሶ ቢሆን።

ሟቹን አልጠየቅኳትም። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበትን፣ እንዴት ሆኖ፣ ማን ነበር እያሉ ቁስል አይነካኩም። የልጅ ልጄ ከፍ ብላ እንግሊዝኛውን ስትጨርሰውም፣ "ስለ ፎቶው እንዳትጠይቂያት፣ ታስለቅሻታለሽ" ብዬ አስጠነቀቅኳት።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት። መዳፏን ወደ አፏ አድርጋ እህል እንደሚያፍስ ሰው አሳየችኝ። ንፍሮ ነው የምትለው። የሙት ዓመቱ ደርሶ፣ የሚያዝንላት ዘመድ አጥታ እኔን መጣች ብዬ ባቄላም ጨምሬ ቀቀልኩ።

ስሄድ ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ሰዎች በአረንጓዴ ሜዳ ላይ ኳስ ይወራወራሉ። ለሙት ዓመት ቴሌቪዥን ገረመኝ። ግን ፎቶው ላይ ያለው ልጅም ዱላ ይዟል፤ ሟቹ ይሄን ጨዋታ ይወድ ነበር፣ እነሱ እንዲህ ነው የሚያስታውሱት፣ አገሩ የሰዎቹ ነው አልኩ። ቁጭ ብዬ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግኩ፦ "ያ ረቢ፣ ለዚህች ሴት ሰብር ስጣት፣ አጽናናት።" ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ጎረቤቴ በጣም ደስ አላት። ለቡድን የምለምን መስሏት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

ቤዝቦልን እንዲህ ጀመርኩት። ፍጻሜው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሁለቱ ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይጋጠማሉ፣ አራቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ባለሜዳዎቹ ነጭ ይለብሳሉ፣ ከሩቅ የመጡት ግራጫ። ጎረቤቴ በጣቷ ግራጫዎቹን አሳየችኝና ደረቴን ነካ አደረገችኝ፤ ነጮቹን አሳየችና የራሷን። እሷ ባለቤት፣ እኔ እንግዳ። ፍርዱ ልክ ነው አልኩ።

የኛ ከተማ ቡድን እዚያ ሜዳ ላይ አንድም ቀን አልነበረም። ዓመት በዓመት ሌሎች ናቸው የሚመጡት። የሌላ ከተማ ልጆች፣ የሌላ ከተማ እናቶች። እንደማላውቀው ሰው ሠርግ ነበር፤ ሙሽራው ማን እንደሆነ ባታውቅም ሲበላ ትበላለህ፣ ሲዘፈን ታጨበጭባለህ።

አንድ ዓመት የልጅ ልጄ ሰባት ሲሞላት አብራን ተቀምጣ፣ "አያቴ፣ ያንቺ ቲም ትላንት ግሬይ ነበር። ዛሬ ዋይት ነው የለበሱ" አለችኝ።

"የኔ እነዚያ ናቸው፣ ግራጫዎቹ።"

"ኖ፣ እነሱ ሌላ ሰዎች ናቸው። ማለቴ፣ ጌሙ ሌላ ሲቲ ሄደ፣ ሶ ልብስ ይቀይራሉ።"

"ማን መጣ ዛሬ ከሩቅ?"

አሰበችና፣ "እነዚህ" አለች ግራጫዎቹን።

"ታዲያ የኔ እነሱ ናቸው።"

ለጎረቤቴ ስትተረጉምላት ሴትየዋ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንዱን፣ በሌላው ቀን ጠላቱን ስደግፍ ኖሬያለሁ። ግድ አልሰጠኝም። ሻንጣ ይዞ የመጣ ሁሉ የኔ ነው። ከዚያ ወዲያ እሷም ጨዋታው ሊጀመር ሲል ጣቷን ወደ ግራጫዎቹ እየቀሰረች፣ "ጌስትስ" ትለኛለች፣ እንግዶቹ ማለቷ ነው፤ እኔ "የኔ" እላታለሁ፤ ይኼ ሥርዓታችን ሆነ።

ካየኋቸው ዋንጫዎች አንዱን እስካሁን አልረሳውም። ግራጫዎቹ ከሰው ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ዋንጫ ያላዩ ነበሩ። ሲያሸንፉ ካሜራው ሕዝቡ መሐል አንድ ሽማግሌ አሳየን። ሁሉ ሲዘል እሱ አይዘልም፤ የአንድ ሰው ፎቶ በሁለት እጁ ወደ ሜዳው አዙሮ ይዟል፣ ሟቹ እንዲያይ። ጎረቤቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገች፣ ሁለታችንም አለቀስን። እኔ በልቤ፣ ይኸውልሽ፣ ሁሉም ወደዚህ ጨዋታ የሚመጣው ሟቹን ይዞ ነው አልኩ። ያሰብኩት ልክ ሆኖ ተገኘ ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ።

እንዲህ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከዚያ ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ታመመ። ጳጉሜ ላይ ሄድኩ፣ መስከረም ላይ ቀበርነው፤ አላህ ይዘንለት። ሰደቃው እስኪያልቅ ቆይቼ ኅዳር ላይ ተመለስኩ። አማቼ ከኤርፖርት አምጥቶኝ መኪናውን ፓርክ ሳያደርግ ጎረቤቴ ከበሯ ወጣች። አዲስ ቆብ አድርጋለች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ በሚያማት ዳሌዋ፣ እንደ ልጅ እየዘለለች አቀፈችኝ። ቆቧን አውልቃ ከሻሼ በላይ ደፋችልኝ። እየጎተተች አስገብታኝ ቡድናችን ያሸነፈበትን ጨዋታ ከፈተችልኝ። በበረዶ የቀዘቀዘ ጣፋጭ ሻይዋን ሰጠችኝ። እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ሳመችው።

አልሃምዱሊላህ አልኩ፣ ሰብሩ መጣላት። አሥራ ሁለት ዓመት የለመንኩት ዛሬ ተሰጠ። ሐዘኗን ገና ባወለቀች ሰው ላይ የኔን እንዴት ላልብሳት? ምንም አልተናገርኩም። ሻዬን ጠጣሁ፣ ቆቤን እንደደፋሁ ቤቴ ገባሁ። ለልጄም፣ ለልጅ ልጄም፣ "እንዳትነግሯት" አልኩ።

በሚቀጥለው ጥቅምት የኛ ቡድን የለም፣ እንደገና ሌሎች ናቸው። ያንን ጥቅምት ግን ሌላ ወሬም መጣ። የጎረቤቴ ዳሌ ብሶባት ብቻዋን መኖር አቅቷት፣ ኦክላሆማ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ፍጻሜው ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ። የፍጻሜው መጀመሪያ ዕለት መጥታ እንደ ወትሮው መዳፏን ወደ አፏ አድርጋ አሳየችኝ። ንፍሮዬን ይዤ ሄድኩ፤ ቤቱ ካርቶን በካርቶን ሆኗል፣ ፎቶው ብቻ ቦታው አለ።

እኔ አንድ ነገር አስቤ ነበር። ልትሄድ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የተለያየ ሰው መልሶ አይገናኝም። እንግዲህ የሟቹን ስም ልወቀው፣ ሰብሯን ስለምን ስሙን እጠራለሁ። የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። "አሁን ጠይቂያት" አልኳት። "ቀስ ብለሽ። ያ ልጇ ስሙ ማነው በያት።"

ጠየቀቻት። ጎረቤቴ ግራ ገብቷት ወደ ኋላዋ ዞረች። እኔ ወደ ፎቶው አሳየሁ። ሁለቱ ሲመላለሱ ቆዩና ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አያቴ" አለች፣ "እሱ ልጇ አይደለም። እሱ ፕሌየር ነው።"

"ሲሞት ፕሌየር ነበር?"

"አልሞተም። ማለቴ፣ ሪታየር አደረገ። ጎልፍ ይጫወታል አለች።"

"ያን ቀን ለምን ጮኸች ታዲያ?"

"ፋይናሉን ሉዝ አደረጉ። ቲማችን። ትንሽ ቀርቷቸው ነበር ዋንጫ፣ አንድ ኳስ ብቻ። ሶ…" ከዚያ መናገር አቃታት፣ ሳቅ አፈናት። ጎረቤቴም እሷን አይታ ሳቋ መጣ። በነጠላዬ በኩል፣ በንፍሮው በኩል ነገሩ ሁሉ ቀስ በቀስ ሲገባት ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ተነሳሁ። ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጥኩት ለኳስ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰብር የለመንኩት ለኳስ ነው። ይሄም ይሁን፣ አላዋቂነቴ ነው። የከበደኝ ወንድሜ ነው። ለዚህች ሴት ሐዘን ብዬ የእናቴን ልጅ ሞት ደብቄ፣ ቆብ ደፍቼ ሻይ ጠጥቻለሁ። ሳህኔን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ አልሄድኩም። ፍጻሜው ቀጠለ፤ በግድግዳው በኩል ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል፣ ካርቶን የምታሽግበት ፕላስተር ሲቀደድም ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ መጥታ አንኳኳች፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጄን፣ "እየሰገደች ነው በያት" አልኳት። ሁለተኛው የሰላት ሰዓት አልነበረም።

"እማዬ፣ ሴትየዋ ቅዳሜ መሄዷ ነው" አለችኝ ልጄ። "ተኮራርፋችሁ ልትለያዩ ነው?"

"አላኮረፍኩም።"

"ታዲያ ሂጂ።"

"አልሄድም። አላኮረፍኩም እንጂ አልሄድም።"

ልጄ ሳቀች፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። አፉ ሳይባባሉ መለያየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ይቅር ሳይል፣ ይቅር ሳይባል ከሄደ በኋላ በስልክ የሚስተካከል ነገር የለም። ግን እግሬ እምቢ አለኝ። የሳቀችብኝ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ቀን የልጅ ልጄ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። "አያቴ፣ አይ አም ሶሪ፣ ስቄ ነበር" አለች። "ግን ለምንድነው ስለ አጎትሽ… ማለቴ ስለ ወንድምሽ ያልነገርሻት?"

"ደስ ብሏት ነበራ።"

ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። የት ትሄጃለሽ አላልኳትም።

በማግስቱ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ሦስት ለሦስት ስለሆኑ ያን ዕለት ያሸነፈ ዋንጫ ይበላል፤ ይሄን አማቼ በጠዋት ሲያወራ ሰምቻለሁ። ዓስር ሰግጄ ጥቂት ቆይቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በሩ ተንኳኳ። ራሴ ከፈትኩ።

ጎረቤቴ ናት፣ በምርኩዝ። ነጭ የአንገት ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ጥልፍ ያለው ጠርዙን ወደ ላይ፣ አዘቅዝቃ። በሌላ እጇ ሳህኔን ይዛለች። ውስጡ የተቀቀለ ቦሎቄ ነው፣ ያ የቴክሳስ ዥጉርጉሩ። በጣም ፈርሷል። ከላዩ ቃሪያ አለው።

"ሶሪ" አለችኝ። "ሶሪ። አብሽሪ።"

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በሯ ላይ ቆሜ ያልኳትን ነው፣ ቃል በቃል። የልጅ ልጄ ከኋላዋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። እጇን ያዝኳት፤ አስገባኋት።

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አላወራችም። ለቅሶ ላይ ብዙ እንደማይወራ ከኔ ነው የተማረችው። ከቦሎቄው አፈስኩ፤ ጨው የለውም፣ ዝም ብዬ በላሁ። አውሮፕላን አለፈ። ሌላ አለፈ። ቴሌቪዥናችን ፊት ለፊታችን ጠፍቶ ተቀምጧል፤ ጎረቤቴ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም። ሰዓቱን ግን እኔ አየሁት። ተጀምሯል። ይህች ሴት እኔ ካወቅኳት ወዲህ ስንት የፍጻሜ ጨዋታ አምልጧት ያውቃል? አንድም። ጣቶቿ ምርኩዙ ላይ አንድ በአንድ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ።

አማቼ ሺፍቱን ጨርሶ፣ የሥራ ሰደርያውን ሳያወልቅ እየሮጠ ገባ። "እማማ፣ ጌሙ…" ብሎ አየንና ቆመ። ሳህኑን አቀበልኩት። ምን ያድርግ፣ ቦሎቄ አፍሶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "የመጨረሻው ጌም ነው እኮ። አታውቅም እንዴ?" አለኝ።

"ታውቃለች" አልኩት። "ለቅሶ ላይ ናት።"

ያን ጊዜ ስለ ወንድሜ ነገርኳት። የልጅ ልጄ ትተረጉማለች፣ የቻለችውን። ከባድ መኪና ነጂ እንደነበር፣ ያን ሁሉ ገደል በጭጋግ ሲያልፍ የማይፈራ ሰው ዶሮ ይፈራ እንደነበር። ጎረቤቴ እኔም አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ቢራቢሮ እፈራለሁ አለች። ወንድሜ አንድ አመል ነበረው፤ መንገድ ላይ የሠርግ ድንኳን ካየ መኪናውን አቁሞ ይገባል። ማን እንደሆነ አያውቀውም። ጨፍሮ፣ በልቶ፣ ሙሽሮቹን መርቆ ይወጣል። እናታችን፣ "የማን ሠርግ ነበር?" ስትለው፣ "እኔ እንጃ፣ ግን ደስ የሚል ሠርግ ነው" ይላታል።

ይሄን ስናገር ራሴን ሰማሁት። ዞሬ ቴሌቪዥኑን አየሁ።

"ክፈተው" አልኩት አማቼን።

ጎረቤቴ እጄን ያዘች፣ አይ፣ አይ እያለች። "ክፈተው" አልኩ ደግሜ። "ወንድሜ ቢኖር ይሄኔ ገብቶ ነበር።"

አጋማሹ አልፏል። ነጮቹ ይመራሉ፤ ሜዳው የነሱ ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ የነሱ ነው። ጎረቤቴ የአንገት ልብሷን አስተካክላ ጣቷን ወደ ግራጫዎቹ ቀሰረች። "ጌስትስ" አለችኝ።

"የኔ" አልኳት።

እንግዶቹ አንድ አስገቡ፣ ቆይተው ሁለት። አማቼ ሰደርያውን አውልቆ ሶፋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጄ ከመኝታ ቤት መጥታ ቁማ ቀረች። በመጨረሻ ኳሷ ሰማይ ለሰማይ ሄዳ አንድ ግራጫ ለባሽ ጓንት ውስጥ ገባች፤ ያ ሁሉ ሜዳ ጸጥ አለ፣ ግራጫዎቹ ብቻ እየዘለሉ ተደራረቡ። በሰው አገር፣ በሰው ሜዳ። ከከተማቸው የመጡ ጥቂት ሰዎች ጥግ ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ፤ እኔም ከዩለስ አጨበጨብኩላቸው።

ከዚያ ካሜራው ከነጮቹ አንዱን አሳየን። ልጅ ነው፣ የመጨረሻዋን ኳስ የመታው። አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ፎጣ ራሱ ላይ ደፍቷል። ማንም አጠገቡ የለም።

ጎረቤቴ አየችው። ቀጥሎ ጉልበታችን ላይ ያለውን ሳህን አየች። አንስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋችለት። "አብሽር" አለችው። ለወንድ እንዴት እንደሚባል ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ ዕንባው መጣ፣ እሱንም አልከለከልነውም።

ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ፣ "አፉ በይኝ" አልኳት። የልጅ ልጄ ለመተርጎም ብትሞክር እንግሊዝኛው አልመጣላትም። ጎረቤቴ፣ "አፉ በይኝ" አለችኝ መልሳ፣ እንዳለ። በቃ፣ እሱው ነው የሚባለው።

ቅዳሜ ካርቶኖቿ ተጫኑ። የኛ ከተማ ቡድን ዋንጫ ሲበላ በዕለቱ አላየሁም፤ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይቆጨኝም። የነዚያን ግራጫ ለባሾች ዋንጫ አይቻለሁ። የከተማቸውን ስም አማቼ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፣ እኔ ግን አልይዘውም።

መኪናው ሊነሳ ሲል ጎረቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ያንን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፣ ከወንድሜ ፎቶ አጠገብ። እሁድ እሁድ የሚመጡት ልጆች መጀመሪያ ያዩት ዕለት ደንግጠው፣ "እማማ፣ ይሄን ከየት አመጡት?" አሉኝ።

"የጎረቤቴ ሟች ነው" አልኳቸው።

ተያዩ። "እማማ፣ እሱ እኮ አልሞተም" አለ ባለ እንቁላሉ፣ እሱ ጨዋታውን የማይወደው።

"አውቃለሁ" አልኩት። "ጎልፍ ይጫወታል።"